የተቀባዮች ስም

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሳምንት ሥራ ካይሮ ሄጄ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው የጫነኝ ታክሲ መንገድ ተዘጋግቶበት ሲቆም፣ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር ቢጫ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ አወጣ። የራሱን እጅ ካሸ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ኢትፈደሊ»፣ እንቺ፣ እያለ መዳፌ ላይ አንጠባጠበልኝ። የሎሚ ኮሎኛ ነበር። ሰውየው ደግ ነው፤ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ልጆቹም፣ ስለ መንገዱም ብዙ አወራኝ። እኔ ግን አንድ ቃል አልመለስኩለትም። ንቄው አይደለም። የሎሚ ኮሎኛ ሲሸተኝ ዝም እላለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚያው ካይሮ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚባል ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ ደብሪቱ እንዲያ አድርገው ነው የገሩኝ።

እናቴ ናስር ሲቲ ውስጥ አዳሪ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ማዳሟ የምትለቃት በኢጃዛዋ፣ በእረፍት ቀኗ፣ አርብ አርብ ብቻ ስለነበር የቀሩትን ቀናት የምኖረው እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነው። እትዬ ደብሪቱ ሃምሳውን ያለፉ፣ ረዘም ያሉ፣ በበጋም በክረምትም አንገታቸው ላይ ሻሽ የሚጠመጥሙ ሴት ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ተቀባይ ነበሩ፤ ዘፋኟ ስታወርድ ከኋላ ሆነው ከሚቀበሉት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በሱዳን በኩል ተሰደው ካይሮ ከገቡ በኋላ ሥራቸው ካሴት መቅዳት ሆነ። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት የእኛ አገር ሴቶች የሚያዳምጡት የአገር ቤት ዘፈን አብዛኛው ከእሳቸው እጅ የወጣ ነበር።

አቀዳዳቸውን ልንገራችሁ። ሁለት ቴፖች አሉ። አንደኛው የእሳቸው ነው፤ ያጫውታል እንጂ መቅጃው ተሰብሯል። ሁለተኛው የሰይድ ነው። ሰይድ ናስር ሲቲ ባለው ትልቁ የእስልምና ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወሎ ልጅ ሲሆን፣ የመምህሩን ትምህርት የሚቀዳበትን ቴፕ ትምህርት በሌለው ቀን ያውሰን ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ አልነበረንም። ስለዚህ ቴፖቹ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተፋጠው ይቀመጡና አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይሰማል። እትዬ አስቀድመው ጥጥ በሎሚ ኮሎኛ ነክረው የቴፑን ጥርስ፣ ካሴቱን የሚነካውን ብረት፣ ይጠርጋሉ። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲያ ማስነጠስ የለም፣ ወንበር መሳብ የለም፣ ሽንት ቤት መሄድ የለም። የካሴቱ አንድ ፊት እስኪያልቅ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጬ የግድግዳውን ስንጥቅ እቆጥር ነበር።

እኛ ዝም ብንልም ቡላቅ አል-ዳክሩር ዝም አይልም። የሁለተኛ ፎቋ ኡሙ ሐሰን ድስት ስትከድን ይሰማል። የአትክልት ሻጩ አህያ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን የሚሰማው አሮጌ ዕቃ በጋሪ የሚሰበስበው ሰውዬ ነው። «ቢኪያ!» ይላል፣ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጡልኝ ለማለት። ይሄ ሁሉ ካሴቱ ውስጥ ይገባል። ካሴት የሚወስዱት ሴቶች «የእርስዎ ሸሪት እኮ ይታወቃል፣ አህያ አለበት» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ዘፈኖቹን የማውቃቸው ከእነዚህ ካሴቶች ብቻ ስለሆነ አህያውና ቢኪያው የዘፈኑ አካል ይመስሉኝ ነበር። አንድ አርብ ቤቱ በሴቶች ሞልቶ ሳለ እናቴ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት «ፍሬ፣ እስኪ ያችን ዝፈኚላቸው» አለችኝ። ተነስቼ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ዘፈንኩ። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ፣ ሙዚቃው ብቻ የሚሄድበት ቦታ ላይ ደርሼ፣ ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ በሙሉ ድምፄ «ቢኪያ!» አልኩ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ የተሳሳትኩት የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም፤ አልቅሼ ወጥ ቤት ገባሁ።

እትዬ ደብሪቱ ብቻ አልሳቁም። ተከትለውኝ መጡና ጎንበስ ብለው «ቢኪያዋን እዛው ቦታዋ ላይ ነው ያስገባሻት» አሉኝ። «አልቸኮልሽ፣ አልዘገየሽ። ስንቱን በዱላ ማስተማር የማይቻለውን ነገር ነው ከጋሪ የተማርሽው።»

ካሴቶቹ የሚቀመጡት በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የተደረደሩት በዘፋኝ ስም ሳይሆን በዘመን ነው። ከታች፣ መድረክ ላይ የወጣችን ሴት ዘመዶቿ በሚክዱበት ጊዜ የተቀረጹት አሉ። ከእነሱ በላይ ዩኒፎርም ለብሰው ከሠላሳ ወንድ ፊት የቆሙት። ቀጥሎ ክራሯን ታቅፋ ብቻዋን የምትዘፍነው። ቀጥሎ በደርግ ጊዜ ከየቀበሌው ኪነት የወጡት ልጆች፣ ከላይ ደግሞ በኦርጋን የሚዘፍኑት አዲሶቹ። እትዬ ከታች ያሉትን ሲያነሱ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዟቸው። «ይቺ ስትዘፍን አባቷ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ይዘጋ ነበር» ይሉኛል። «አሁን ያሉት ደጁን ተከፍቶ ነው ያገኙት። የከፈተችው እሷ ናት።»

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የማን እንደሆነ ይጻፋል፣ ዜማ የማን እንደሆነ ይጻፋል፣ ያቀናበረው፣ የቀረጸው፣ ፎቶ ያነሳው፣ አንዳንዴም ፀጉሯን የሠራላት ሳይቀር ይጻፋል። ተቀባዮቹ የሉም። ስለዚህ እትዬ ካሴት ቀድተው በጨረሱ ቁጥር እስክሪብቶ ያስይዙኝና ቴፑን እያስቆሙ ያስጽፉኝ ነበር።

«ስሚ። ከግራ በኩል ያለችው ቀጭን ድምፅ ትርሲት ናት። ይሄን ስንቀረጽ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ለሦስት ሴት የተሰጠን አንድ ማይክ ስለሆነ ሆዷ አላስጠጋ ብሏት በጎን ነው የቆመችው። ትንፋሽ ሲያጥራት አዳነች ትይዝላታለች። ይኸው፣ እዚህ ጋ። ሰማሽ?»

ሰማሁ። አንዷ ድምፅ ስትደክም ሌላዋ ከሥሯ ገብታ ስትሸከማት በጆሮዬ ሰማሁ። እስከዛሬ ድረስ ዘፈን ስሰማ ከፊት ያለችውን ትቼ ከኋላ ያሉትን የምፈልገው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

«ሦስተኛዋስ ማን ናት?» አልኳቸው።

«ሦስተኛዋ ዕቃ ታጥባለች» ብለው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

ጻፍኩ፦ ተቀባዮች፦ ትርሲት፣ አዳነች፣ ደብሪቱ። ፊደል የተማርኩት እንደዚህ ነው። በሌላ ልጅ ደብተር ላይ አበበ በሶ ሲበላ፣ በእኔ ጽሑፍ ላይ ትርሲትና አዳነች ይቀበሉ ነበር።

በዚያ ክረምት ነው የአንገታቸው ነገር የመጣው። ሻሹ የሚሸፍነው እንቅርት ነበር፤ እያደገ ሄዶ መዋጥ ሲያስቸግራቸው ሐኪም ጋ ሄዱ። አርብ ዕለት ለእናቴ ሲነግሯት እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ይወጣል ነው የሚሉት። ቀጠሮው ከዒድ በኋላ ነው» አሏት። «ግን ያዕኒ፣ የድምፅ ጅማቱ እዚያው ሥር ነው የሚያልፈው። ሊነካ ይችላል ብሎኛል።»

«ታዲያ ድምፅዎን ቢወስድብዎትስ እትዬ?» አለች እናቴ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም። ተቀባይ ድምፅ ቢያጣ ማን ያውቃል?»

ነገሩ ለእኔ በሌላ መንገድ ነበር የገባኝ። ኡሙ ሐሰን ባለፈው ዓመት ከሆዷ የወጣውን የሐሞት ጠጠር በብልቃጥ አድርጋ ይዛ መጥታ ለሰው ሁሉ ስታሳይ ነበር። የእትዬንም ድምፅ ሐኪሙ አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ የሚከተው መሰለኝ። ይመልስላቸው ይሆን ወይስ ያስቀረዋል እያልኩ ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ቀን መላው መጣልኝ። ካሴት ሊበላሽ ሲል ምን ይደረጋል? አስቀድሞ ይቀዳል።

«እትዬ፣ ሳይወስደው እንቅዳው» አልኳቸው።

ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጡ። የሚቀዳ ነገር እንዳላቸው ያኔ ነው የነገሩኝ። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው የሆነ አንድ ዘፈን አላቸው። ልምምድ ላይ ዘፋኟ እስክትመጣ ቆመው ሲጠብቁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሉ በሆዳቸው የሠሩት ነው። ለማንም አልሰጡትም፣ የትም አልተጻፈም። ካለበት የእሳቸው ጉሮሮ በቀር ሌላ ቦታ የለውም።

ጸጥታው ከየት ይመጣል? ይሄን የፈታልን ረመዳን ነው። ካይሮን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በረመዳን፣ የመግሪብ አዛን ካለቀ በኋላ፣ ያ ሁሉ ከተማ አፉ ውስጥ ምግብ ስላለ ዝም ይላል። ሚክሮባሱ ይቆማል፣ ጋሪው ይቆማል፣ ልጆቹም ከመንገዱ ይጠፋሉ። ያቺ ሃያ ምናምን ደቂቃ ናት። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑና ርችቱ ሲጀምር ኸላስ፣ እስከ ሌሊቱ የሱሑር ምግብ ማንም አይተኛም።

ሰይድ ቴፑን ይዞ መጣ። እትዬ የምስር ሾርባና ቴምር አዘጋጅተውለት ነበር።

«እዚሁ ቁጭ ብለህ አፍጥር» አሉት።

«የለም እትዬ፣ እኔ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ» አለ። «ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ እመልስልዎታለሁ።»

«ለምን? ብርድ ነው እኮ።»

ሰይድ ሳቀ። «ዘፈን እንደማልሰማ ያውቃሉ። ያዋስኩዎት ቴፑን ነው፣ ጆሮዬን አይደለም።» ሾርባውን ተቀብሎ ወጣና በሩን ከኋላው ቀስ ብሎ ዘጋ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም ፈልጌ አላገኘሁም።

አዛኑ አለቀ። ከተማው ዝም አለ። ኮሎኛው ሸተተ። እትዬ ሻሻቸውን ፈቱ፣ ቴፑን ተጫኑ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ካሴቱ ሲዞር አየዋለሁ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። እንደገና ከፈቱ። አንገታቸው ላይ ያለው እብጠት ወጣ ወረደ። ከአፋቸው ግን ምንም አልወጣም። እንዲያ እንዳሉ ሃያው ደቂቃ አለቀና መንገዱ ላይ የመጀመሪያው ርችት ፈነዳ።

በኋላ ካሴቱን ስናጫውተው የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሾርባ ሲጠጣ፣ ሳህኑ ሲንኳኳ። ከደረጃው ደግሞ የሰይድ ማንኪያ፣ ከሌላው ቀረብ ብላ።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ዘፋኟ ታማ ስትቀር አለቃቸው «ደብሪቱ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ» ብሎ ፊት ማይክ ላይ አቆማቸው። ኦርኬስትራው መግቢያውን ተጫወተ፤ አልጀመሩም። ደግሞ ተጫወተ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጫወት ሕዝቡ ሳቀ። «ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ዜማውን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ግን ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው ሲያወርድልኝ ነው የገባሁት። የሚያወርድልኝ ሰው ከሌለ በሩ የት እንደሆነ አላየውም፣ ልጄ።»

«እኔ ላውርድልዎት?» አልኩ።

«አንቺ? ከአህያ ጋር የምትዘፍኚው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ግን እኮ ቦታሽን አትስቺም» አሉ።

ሁለት ቀን ሦስት ስንኝ አስጠኑኝ። የዘፈኑን ነገር ላካፍላችሁ ብል ሁለት መስመሯን ብቻ እነግራችኋለሁ፣ የቀረው የእሳቸው ነው፦

መንገዱን ጠረግሁት፣ ውሃ ረጨሁበት፣
አቧራ እንዳይነካህ አንተ ስትመጣበት።

እኔ ይሄን ስል እሳቸው «ና በዚህ፣ ና በዚህ» እያሉ ይቀበላሉ። ውሃ መርጨቱ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ባለ ሱቁ ጠዋት ጠዋት የሚያደርገው ነው። የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሱን ስታድጊ» አሉኝ። አድጌም አልገባኝም።

በሦስተኛው ቀን ሰይድ ሾርባውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከተማው ዝም አለ። እትዬ ቴፑን ተጫኑና ጣታቸውን ወደ እኔ አነሱ።

አወረድኩ። ድምፄ እንደ ዛገ በር ነው፤ ካሴቱ ላይ ስሰማው ዛሬም አፍራለሁ። ግን ስንኙ እንዳለቀ ከጀርባዬ እትዬ ገቡ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር ለካ። ቴፕ ውስጥ ከሁለት ሴቶች መሃል ተደብቆ የማውቀው ድምፅ ብቻውን ሲቆም ሌላ ነው፤ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ከደረት የሚመጣ። ሁለተኛውን ስንኝ አወረድኩ። ተቀበሉ። እየዘፈንኩ ላያቸው ዞርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ አንገታቸው ላይ ያ የፈራነው ነገር ከዜማው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ነው ያወቅሁት።

እሱን ሳስብ ሦስተኛው ስንኝ ጠፋኝ።

አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ካሴቱ ይዞራል። ከታች አንድ ማንኪያ ወደቀ። ደሴ ትዝ አለኝ። አበላሸሁባቸው፣ ድምፃቸው ሳይቀዳ ሊወሰድ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ያኔ እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩኝ። አንዲት ትንፋሽ ሳቡና ሦስተኛውን ስንኝ ራሳቸው አወረዱት።

ሊያድኑኝ ብለው ነው የገቡት፤ አዳነች ለትርሲት እንደገባችላት። ከገቡ በኋላ ግን አልወጡም። ሦስተኛውን ጨርሰው ያላስጠኑኝን አራተኛውን ቀጠሉ፣ አምስተኛውን ቀጠሉ። እኔ እንባዬን ጠርጌ «ና በዚህ፣ ና በዚህ» እያልኩ ተቀበልኩ። አንዴም ቦታዬን አልሳትኩም። ሲጨርሱ ርችት ፈነዳና እትዬ በተራ ድምፃቸው «ኸላስ» አሉ። እሱም ተቀድቷል።

ከዒድ በኋላ ሆስፒታል ገቡ። እናቴ ማዳሟን ለምና ሦስት ቀን አብራቸው አደረች። ሲመለሱ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ ለአንድ ወር እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። እኔ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ብልቃጡ የት እንዳለ ነበር። በምልክት የለም አሉኝ። ወስዶታል ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። በኋላ ድምፅ ወጣላቸው፤ ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ለንግግር የሚበቃ። ዘፈን ግን ወደዚያ ጉሮሮ አልተመለሰም።

በዚያ ዝም ባሉበት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ካሴቱን አወጡት። ኮሎኛና ጥጥ አመጡ፣ ጥርሱን ጠረጉ፣ ከፈቱት። ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። የዛገው በር ዘፈነ፣ እሳቸው ተቀበሉ። ሦስተኛው ስንኝ ጋ ጸጥ አለ፣ ማንኪያዋ ወደቀች፣ ከዚያ ድምፃቸው መጣ። እትዬ እጃቸውን ፋሻው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። በሽፋኑ ወረቀት ላይ «ድምፃዊት፦» ብዬ ጻፍኩና ቀጥዬ «ደብሪቱ ገብሬ» አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ካሴቱ መጀመሪያ አደረጉ፤ የጀመርሽው አንቺ ነሽ ማለታቸው ነው። እኔም በተራዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ሊከራከሩኝ ድምፅ አልነበራቸውም፣ እኔ ደግሞ ግትር ልጅ ነበርኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩባቸው።

ስማቸውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ወሰዱብኝ። ሊሰርዙት ነው ብዬ ልጮህ ስል ከሥሩ መጻፍ ጀመሩ። ያን ሁሉ ካሴት ሲያስጽፉኝ የራሳቸውን ጽሑፍ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለካ ከእኔ የባሰ ጽሑፍ ነው ያላቸው። ቀስ ብለው ጨርሰው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

ተቀባይ፦ ፍሬሕይወት።